እትዬ ይደረግ

የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ከዋናው ሕንፃ ጀርባ፣ ደረጃ ተወርዶ የሚገባበት ረጅም ክፍል ነበር። አራት ማጠቢያ ማሽን፣ ሁለት ማድረቂያ፣ አንድ የማጠፊያ ጠረጴዛ፣ ከመስኮቱ ሥር ደግሞ የካውያ ጠረጴዛዎች ነበሩት። እንፋሎቱ ግድግዳውን ክረምት ከበጋ ያስለቅሰው ነበር። ጓደኛዬ እዚያ አሥራ ስድስት ዓመት አንሶላ ካጠፈች በኋላ አንድ ሰኞ ጠዋት በደብዳቤ አለቃ ሆነችብን።

«ሆነችብን» ስል በክፉ አይደለም። አንሶላ ለሁለት ነው የሚታጠፈው። እሷ በወዲያ ጫፍ፣ እኔ በወዲህ ጫፍ ሆነን ያን ያህል ዘመን ፊት ለፊት ስንተያይ ኖረናል። ደብዳቤው የመጣ ዕለት ጫፉን እንደያዘች ቆማ፣ «እንግዲህ ማን ይይዝልሻል?» አለችኝ። የደስታ ድምፅ አልነበረም።

ሥራውን ታውቀዋለች፤ የቸገራት ማዘዝ ነበር። ትናንት አብራት ሻይ ስትጠጣ የነበረችውን ሴት «አንቺ፣ ይህን አንሺ» ስትላት ቁጣ ይመስልባታል። «እባክሽ» ካለችበት ደግሞ ልመና ይሆንባታል። ከሁሉ የከበዷት እማማ ነበሩ። እማማ የካውያው ጠረጴዛ አንጋፋ ናቸው፤ ወገባቸው የታመመ፣ ጡረታ ለመውጣት ስምንት ወር የቀራቸው። ገና ስትቀጠር «አንቺ ቀዥቃዣ፣ ጣትሽን ከካውያው አርቂ!» እያሉ ሙያውን ያስያዟት እሳቸው ናቸው። በሹመቷ ማግሥት ግን ብድግ ብለው ወንበራቸውን ለቀቁላትና፣

«ይቀመጡ እንጂ» አሏት።

«ውይ እማማ! ምን አደረግሁዎ? አንቺ ይበሉኝ!»

«አለቃ አይደሉ እንዴ? ይልመዱት።»

ቀልድ ይሁን ቅያሜ ያን ጊዜ አልለየሁም። እሷ ግን ፊቷ ዐመድ መሰለ።

ከዚያ ወዲያ አንድ ዘዴ አገኘች። ክፍሉ መካከል ትቆምና ዓይኗን ግድግዳው ላይ ተክላ፣ «አንሶላው ይታጠፍ። የሕፃናት ክፍሉ ልብስ ይላክ። ወለሉ ይወልወል» ትላለች። አንቺ የለበት፣ እርስዎ የለበት፣ የሚቀየም የለበት። ተናግራ ትወጣለች። እኛም እንተያያለን።

አፏ እንደ ማሽኑ ስለማያርፍ «ማድረቂያ» የምንላት ባልደረባችን ነገሩን አልማረችውም።

«ኧረ ይታጠፍ የሚባለው ሰውዬ ዛሬም ቀረ?» ትላለች።

«ወንድሙ ይላክ ግን ገብቷል» እላለሁ እኔም፣ አፌ አያርፍ።

«ፈረቃው ከሰዓት ነዋ! ይወልወልስ?»

«እሱ የሐኪም ፈቃድ ላይ ነው።»

ሳምንት ሳይሞላ «እትዬ ይደረግ» የሚል ስም ወጣላት። መጀመሪያ ስትሰማው ሳቀች። ሁለተኛ ጊዜ አልሳቀችም።

ይታጠፍ የተባለውን ማን ያጥፈው? ራሷ ነበረች። ከሁላችን በፊት ትገባለች፣ ከሁላችን በኋላ ትወጣለች፤ በአንድ እጇ የፈረቃ መዝገብ፣ በሌላው መወልወያ። እግሯ ከማበጡ የተነሳ ጫማዋን ረግጣው ነበር የምትሄደው። ቤቷ ስትገባ ልጇ፣ «እማዬ፣ ሾመውሽ ነው ወይስ ቀጥተውሽ?» ብላ ጠየቀቻት አሉ። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ተኛች።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት «የቀዶ ሕክምናው ጋዎን ተተኩሶ ይላክ» አለችና ወደ ስብሰባ ተጠራች። እኔ ለእማማ የተነገረ መሰለኝ። እማማ ለማድረቂያ የተነገረ መሰለኝ አሉ፤ ማድረቂያ ደግሞ ልብሱን ወደየክፍሉ ለሚያደርሰው ባለጋሪ የተነገረ መሰላት። ባለጋሪውማ እዚያም አልነበረም። ጋዎኑ በቅርጫቱ እንዳለ አደረ።

በማግሥቱ የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ሲስተር ደረጃውን እየሮጠች ወረደች። ሁለት ቀዶ ሕክምና ተሰርዟል። አንደኛው ሕመምተኛ ከማታ ጀምሮ እህል ውኃ ያልቀመሱ ሽማግሌ ናቸው። «ነገ ይምጡ ስላቸው 'እንደገና ልጹም ነው የምትዪኝ?' አሉኝ» አለች። ማናችንም ቀና ብለን አላየናትም።

ወዲያው ከአስተዳደር ትእዛዝ መጣ። ጥፋተኛዋ እስከ አራት ሰዓት በጽሑፍ ትገለጽ፤ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷት ቆሻሻ ልብስ ወደሚለይበት ክፍል ትዛወራለች ይላል። እዚያ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ቀና ነው። መተኮስ ደግሞ በሥራ ዝርዝሩ ላይ የእማማ ነው። ያ ወገብ እዚያ ስምንት ወር ቀርቶ ስምንት ቀን እንደማይቆይ ሁላችንም አውቀናል።

የእጅ ጽሕፈቴ ጥሩ ስለነበር ሪፖርቱን እኔን አስጻፈችኝ። «ጋዎኖቹ በሰዓቱ አልተላኩም» አለች። ጻፍሁና ብዕሬ ቆመ። በልጅነቴ የሰዋስው መምህራችን ተደራጊ ግሥ በጻፍን ቁጥር ጠመኔውን ሰሌዳው ላይ ኳ አድርጎ፣ «አድራጊው የታለ?» ይለን ነበር። እንዴት እንደመጣብኝ አላውቅም፤ እኔም፣

«አድራጊው የታለ?» አልኋት።

«ምን አልሽ?»

«አልተላኩም ካልሽ፣ ያልላከው ማነው ይሉሻል። ዝም ብትዪም የሥራ ዝርዝሩን ገልጠው እማማን ያገኛሉ።»

ከግድግዳው ወዲያ ማሽኑ ይጨምቃል፤ ሰዓቱ ሦስት ተኩል ሆኗል።

«ደከመኝ» አለች። ቀጥላ፣ «ሰርዢው። እንዲህ ብለሽ ጻፊ፤ ማን እንዲተኩስ፣ ማን እንዲልክ ለይቼ አልነገርሁም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ወረቀቱን ይዛ በቀጥታ ወደ አስተዳደር አልሄደችም። ካውያው ጠረጴዛ ዘንድ ቆማ ጮክ ብላ አነበበችልን። እማማ ካውያቸውን አቆሙ።

«አንቺ ቀዥቃዣ!» አሏት። «እኔ እኮ ቅርጫቱን አይቼዋለሁ። እማማ ብለሽ ካልነገርሽኝ አልነካውም ብዬ ነው የተውሁት። ይኸው፤ በስተርጅና ልጅ ሆንሁ። ምነው አንድ ጊዜ እንኳ ዓይኔን አይተሽ ብታዥኝ?»

«ፈራሁዎ እማማ።»

«እኔስ? አለቃ ሆነሽ ረሳሽኝ ብዬ ስንት ቀን አዝኛለሁ!»

የእማማን ቃል በወረቀቱ ላይ አልጨመረችም። ማስጠንቀቂያውን ራሷ ተቀበለች፤ ሌላ አለቃ በማጣት ይመስለኛል፣ ከቦታዋ አላነሷትም። ሽማግሌው ለቀዶ ሕክምናው እንደገና ሲዘጋጁ እሷ ክፍላቸው ድረስ ወጥታ ይቅርታ እንደጠየቀቻቸው የነገረችን ሲስተሯ ናት፤ እሷ አላወራችውም።

ሰኞ ከበሩ አጠገብ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሎ አገኘን፤ በእያንዳንዱ ሥራ ፊት የአንድ ሰው ስምና ሰዓት ተጽፎበታል። እሷም በየጠረጴዛው እየዞረች ትናገር ጀመር። «እማማ፣ ጋዎኑን እስከ ስምንት ሰዓት ይተኩሱልኝ፤ ካልደረሰልዎ ቀደም ብለው ይንገሩኝ።» ይህን ያለችው ዓይናቸውን እያየች ነበር። ሁሉም ወዲያው አልተቃናም። ማድረቂያ በስሟ «ወለሉን ወልውዪ» ስለተባለች ወር ሙሉ አኩርፋለች፤ እትዬ ይደረግ የሚለውም ስም እስከ መጨረሻው አልለቀቃት።

ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ በእሷ ቦታ እኔን አደረጉኝ። ጡረታ የምትወጣበት ሳምንት ነበር፤ በዚያ ባበጠ እግሯ ልትሰናበተን ወረደች።

«እንዴት ነው ሰውን የሚያዙት? ምከሪኝ» አልኋት።

«ፊቱን አይተሽ፣ ለእሱ ብለሽ ንገሪው። ሲያጠፋ ግን መጀመሪያ ምን ብዬ ነበር የነገርሁት በዪ።»

«በኋላ ይቀላል?»

«አይቀልም። ዛሬ ነገ ይቀለኛል ስል ይኸው ጡረታ ወጣሁ።» ሳቀች፤ ሳቋም እንደ እሷ የደከመ ነበር። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የተከመረውን አየችና አንዱን አንሶላ መዘዘች።

«ምን ቆመሻል? ያን ጫፍ ያዢ» አለችኝ።