ስልኩን ማን ይዝጋ?

ከሁሉ አስቀድሞ በደሉ ይጻፍልኝ። በወጣትነቴ፣ እዚህ ጎንደር ፒያሳ፣ አንድ የጭነት ማኪና ድርጅት ውስጥ ስልክ አገናኝ ሆኜ ስሠራ፣ ያላበራሁትን መብራት «እሷ ናት ያበራችው» ተብዬ በሰው ፊት ስሜ ጠፍቷል። በሰው ፊት የተባለ ነገር በሰው ፊት ካልተነሣ ተነሣ አይባልም። እስካለፈው ሳምንት ድረስ አልተነሣም ነበር።

ነገሩን የቀሰቀሰችው የልጄ ልጅ ሰላም ናት። ሥራዋ የቢሮ ስልክ መዘርጋት ነው። ባለፈው ሳምንት ፒያሳ አንድ ቢሮ ውስጥ ሥራ ይዛ ምሳ ሳትበላ እንደምትውል ስለማውቅ፣ ሽሮ በእንጀራ ቋጥሬ በእግሬ ወጣሁ። ባጃጅ አልወድም፤ ተቀምጬ ከምንገጫገጭ እየተራመድኩ ባማርር ይሻለኛል። ስደርስ በየጠረጴዛው አዲስ ስልክ ተቀምጧል፤ በየስልኩ ጎን ትንንሽ መብራቶች ተደርድረዋል።

«ይኸውልሽ እምዬ» አለችኝ። «እያንዳንዱ ስልክ የሌላውን ያያል። አረንጓዴ ከሆነ ሰውየው ነፃ ነው፤ ቀይ ከሆነ እያወራ ነው። አምባ ጊዮርጊስ ያለው ቅርንጫፍ ሳይቀር እዚህ ይታያል።»

«እያወራ መሆኑን በምን አወቀ?»

«ስልኩ ተነሥቷላ!»

«መነሣትና ማውራት አንድ ነው?»

እሷ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። የቋጠርኩትን ምሳ አስቀምጬ ወንበር ቢሰጡኝ መቀመጥ አቃተኝ። ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞርኩ ነው የነገርኳት።

ያን ጊዜ ስምንተኛ ክፍልን አቋርጬ ከአምባ ጊዮርጊስ የመጣሁ ልጅ ነበርኩ። አባቴ ቀድሞ ሞቷል፤ አበባ የምትባለው እናቴ ገበያ ላይ ነጭ ሽንኩርት እየሸጠች ነው ያሳደገችኝ። ቢሮው ጣሊያን የሠራው ወፍራም ግንብ ነበር፤ ውጭ ፀሐይ ሆኖ ውስጡ ይበርዳል። ሾፌሮቹ ናፍጣ ናፍጣ እየሸተቱ፣ ያገራችንን የወገራን ጭቃ በጫማቸው እየያዙ ይገባሉ። እኔ ከደረጃው ሥር ተቀምጬ የሚደውለውን ከሚፈልገው ሰው ጋር አገናኛለሁ።

በዚያ ክረምት ድርጅቱ አዲስ ስልክ አስገባ። ከአዲስ አበባ የመጣ ቴክኒሺያን ሽቦውን ግድግዳ ለግድግዳ ዘርግቶ የአምባ ጊዮርጊሱን ቅርንጫፍ ሳይቀር አገናኘው፤ ከዚያም የኔ ጠረጴዛ ላይ ቀያይ መብራቶች የተደረደሩበት ሣጥን አስቀመጠ። በየመብራቱ ሥር የባለ ስልኩ ስም ተጽፏል። «የበራ መብራት አይነካም» ብሎ አስጠነቀቀኝ። «ሰውየው ሌላ ሰው እያነጋገረ ነው ማለት ነው። ለሚጠይቅሽ ሁሉ ተይዟል በይ።»

ሣጥኑን ወደድኩት። ቀድሞ ደረጃው ሥር ቆሜ ወደ ላይ ስጮህ፣ ካፖርት የለበሰው ቀድሞ ይስተናገዳል፤ ጋቢ የለበሰው አግዳሚው ላይ ይውላል። መብራት ግን ካፖርት አያይም። ዛሬም ቢሆን የሣጥኑ ጥፋት ነው አልልም።

ጥፋቱ የሌላ ነው። ማኪና የሚመድቡት የስምሪት ኃላፊው ጋሼ ደምሌ ነበሩ። የአምባ ጊዮርጊሱን ቅርንጫፍ የሚመሩት ደግሞ የሚስታቸው አባት አያ መርሻ። ያገራችንን ነገር ታውቁታላችሁ፤ ሁለት ሰው በር ላይ ከተገናኘ «ይቅደሙ»፣ «የለም፣ እርስዎ ይቅደሙ» ሲባባል ዝናብ ይመታዋል። ስልኩም እንደ በር ሆነ። ጋሼ ደምሌ አማታቸው ላይ መዝጋት ነውር ሆነባቸው። አያ መርሻም ልጃቸውን ያገባ ቢሆንም አለቃቸው ነውና፣ አለቃ ላይ መዝጋት አልደፈሩም። ወሬያቸውን ሲጨርሱ «እሺ፣ ይዝጉት»፣ «ኧረ እርስዎ ይዝጉት» ይባባሉና ሁለቱም ስልኩን ቀስ አድርገው ጠረጴዛ ላይ ያጋድሙታል። በኔ ሣጥን ላይ ሁለት ቀይ መብራቶች እንደ ሙሽራና ሚዜ ጎን ለጎን ሲበሩ ይውላሉ።

እኔ መስመር ገብቼ የሰው ወሬ አላዳምጥም፤ ሌብነት ነው። ያወቅሁት አንድ ቀን መብራቱ አልጠፋ ሲል ደረጃውን ወጥቼ ነው። ስልኩ በጀርባው ተኝቷል፤ ጋሼ ደምሌ የሽምብራ ቆሎ ይቆረጥማሉ።

«ጋሼ፣ መብራትዎ በርቷል።»

«ይብራ።»

«አያ መርሻ መስመሩ ላይ አሉ እንዴ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እሳቸው ሲዘጉ ይጠፋል።»

«እሳቸውስ እርስዎ እስኪዘጉ እየጠበቁ ቢሆን?»

«አንቺ ልጅ፣ ባል ስታገቢ ይገባሻል። አማት ላይ ስልክ አይዘጋም!» ብለው ቆሏቸውን ቀጠሉ። ወርጄ ተቀመጥኩ፤ መልሼ ተነሣሁ። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ መብራት እያዩ መቁነጥነጥ ሆነ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የወገራ ድንች ደረሰ። በዚያ ጊዜ ከአምባ ጊዮርጊስ የሚመጣው መንገድ ዳርና ዳሩ ጆንያ ነው፤ ሰማዩ ገና አልለየለትም፣ ጠዋት ብራ ሆኖ ከሰዓት ይጥላል። የእናቴ ጎረቤት ወይዘሮ የሺ ድንቿን አስቆፍራ መንገድ ዳር ከመረች። አያ መርሻን ብትጠይቅ «ማኪና የሚመደበው ከጎንደር ነው፤ እዚያ ደውዪ» አሏት። ከሕዝብ ስልክ ደወለች። «ተይዟል» አልኳት። ቆይታ ደወለች። «ተይዟል፣ እትዬ የሺ።» ወደ ላይ ሮጬ ጋሼ ደምሌን ብለምን «ነገርኩሽ እኮ!» ብለው ተቆጡኝ። እሷን ለማገናኘት ብዬ መስመሩን እንዳልቆርጥ፣ የበራ መብራት አይነካም ተብያለሁ። በመካከሉ አንድ የከተማ ነጋዴ ስልክ ሳያሻው በእግሩ ደረጃውን ወጥቶ የቀረችውን ማኪና አስመድቦ ሄደ። ከሰዓት ዝናቡ መጣ።

በማግስቱ በጠዋቱ አውቶቡስ እትዬ የሺ ደረሰች። ነጠላዋ ጭቃ ነው። ከዘንቢሏ የበሰበሰ ድንች አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈችው።

«እንኪ፣ ተይዟልሽን ብዪው! የአበባ ልጅ፣ ምነው? በኔ ደጅ አድገሽ፣ የኔን እሸት በልተሽ፣ ለኔ ሲሆን ተይዟል?»

በጩኸቱ ጋሼ ደምሌ ከላይ ወረዱ። ሣጥኑን ባየው መብራታቸው በርቷል። ደስ አለኝ፤ እውነቱ ራሱ ወጣ ብዬ።

«ጋሼ፣ እርስዎ እዚህ ቆመዋል፤ መብራትዎ ደግሞ ላይ ቤት ያወራል። ማን ነው የሚያወራልዎት?»

አንድ ሾፌር ሳቀ። ጋሼ ደምሌ መብራቱን አዩ፤ አግዳሚው ላይ የተቀመጠውን ሰው አዩ። አንዲት ቃል ነበር የምጠብቀው። «እኔ ሳልዘጋው ቀርቼ ነው» ቢሉ ያልቅ ነበር። እሳቸው ግን ወደ እትዬ የሺ ዞረው እንዲህ አሉ፦

«መብራቱ በዚህች ልጅ እጅ ነው። ለወደደችው ታጠፋለች፣ ለጠላችው ታበራለች።»

አግዳሚው ላይ ያለው ገበሬ ሣጥኑን በምን ያውቀዋል? አመነ። በዚያው ቀን ከስልኩ ተነሥቼ ከጎማና ከዘይት ጋር መጋዘን ተቀመጥኩ። ሥራው አልከበደኝም። የከበደኝ፣ እትዬ የሺ የተናገረችው እናቴ ገበያ መድረሱ ነው። «ልጅሽ ሰው ትለያለች አሉ» እያሉ ሽንኩርቷን እያዩ ያልፏት ጀመር። እናቴ ሩቅ ያለ ሌላ ገበያ መሄድ ጀመረች። እኔ ጋሼ ደምሌን ደረጃው ላይ ጠበቅኋቸው፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጠበቅኋቸው። «ለእትዬ የሺ ይንገሩልኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም» እላለሁ። «እናያለን» ይሉኛል። ሳያዩ ሥራውን ለቀቅሁ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። ዛሬም ስልክ ሲጮህ ተቀምጬ አላነሣም፤ እቆማለሁ።

ሰላም እንጀራዋን ይዛ ሳትጎርስ ሰማችኝ። የቢሮው ጸሐፊዎችም ሥራቸውን ትተው ያዳምጡ ነበር።

«ሰውየው አሉ?» አለችኝ።

«አሉ። ቁጥራቸውን ባለፈው ጥምቀት ቀሐ ወንዝ ዳር ከልጃቸው ተቀብያለሁ። አልደወልኩም።»

«እኔ ደግሞ መብራቶቹን የምሞክርበት አንድ ጥሪ ያስፈልገኛል» ብላ የአዲሱን ስልክ ድምፅ ማጉያ ከፍታ ወደ እኔ ገፋችው።

ደወልኩ። በየጠረጴዛው ያለው የኔ መብራት ቀይ ሆነ። ድምፃቸው ቀጥኗል።

«ጋሼ ደምሌ፣ የስልኳ ልጅ ነኝ፤ የአበባ ልጅ።»

«ወይ ጉድ! አለሽ? እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ? ጤናሽስ? ዝናቡ እንዴት ነው እናንተ ጋ?»

«ጋሼ፣ አንድ ከተማ ነው ያለነው፤ ዝናቡ አንድ ነው። ሰላምታውን ኋላ እንጨርሰዋለን። አሁን ድምፅዎን ይህ ሁሉ ሰው እየሰማው ነው፤ በሰው ፊት ነው የጠየቅሁዎት። ያን ቀን መብራቱን ያበራው ማን ነው?»

 መብራቱ ቀይ ነው፤ የሚያወራ ግን የለም። እንደዚያን ጊዜው። ቆሜ ስጠብቅ፣ ለማን ብዬ ነው አልኩ በልቤ። እናቴ የለችም፤ እትዬ የሺም የለችም፤ አያ መርሻም አፈር ከሆኑ ቆይተዋል። ግን ያልተነሣ ነገር ከባለቤቱ ጋር አይቀበርም፤ ከተረፈው ሰው ጋር ይኖራል። የተረፍነው ደግሞ እሳቸውና እኔ ነን።

በስልኩ ሳላቸው ተሰማ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ያን ጊዜም አውቀው ነበር። አማቴን ከማሳፍር አንቺን ማሳፈር ቀለለኝ። አባት የላትም፣ ማን መጥቶ ይጠይቀኛል ብዬ ነው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አሁን እርስዎ ይዝጉት፣ እሜቴ። እኔ እርስዎ ላይ ስልክ አልዘጋም።»