ዘፈኑ የዘለለው መስመር

ኪንግስተን ውስጥ፣ ከሙዚቃ ሸክላ ሻጩ ከኤግበርት ሱቅ አንዲት አሮጊት ቅዳሜ ቅዳሜ አያለሁ። ነጭ የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣ ታደርጋለች፤ የእጅ አንጓዋ ላይ ቀይ ክር አስራለች። ሁልጊዜ የምታስከፍተው ያንኑ አንድ የዳዊት መዝሙር በጭፈራ ምት የሚያወርድ ዘፈን ነው። መዳፏን ድምፅ ማጉያው ላይ አሳርፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጠዋለች።

«እማማ፣ ዛሬስ አንጨፍርም?» ይላታል ኤግበርት።

«መጀመሪያ ወገብህ ይዳን።»

እኛ ዘንድ የሙት መንፈስ ሕፃን እንዳይነካ ዳዊት ተገልጦ ትራስጌው ይቀመጣል። እሷ ግን ማንበብ ስለማትችል፣ መዝሙሩን ከገጹ ለይታ መግለጥ አይሆንላትም። ስለዚህ ለልጅ ልጇ ዘፈኑን በካሴት አስቀድታ ሌሊቱን ታጫውትለታለች።

ባለፈው ቅዳሜ የመጽሐፍ ቅዱስ አስተማሪ መሆኔን ከኤግበርት ሰማችና ጠጋ አለችኝ።

«ቲቸር፣ በጨለማ ስለሚሄደው ነገር የሚናገረውን መስመር ዘፋኙ ይለዋል?»

እኛ ምሁራን ያ ነገር መቅሰፍት ነው ወይስ ጋኔን እያልን ስንከራከርበት የኖርንበት መስመር ነው። ሁለት ጊዜ አስደግሜ ሰማሁት።

«የለም፤ ዘሎታል» አልኳት።

መዳፏን ከድምፅ ማጉያው ላይ ቀስ ብላ አነሳች።

«ታዲያ ሌሊት ዘፈኑ እዚያ ሲደርስ፣ ከልጁ አልጋ ሥር ሆኖ ያን መስመር የሚለው ማን ነው?»