የተፈወሰችው ደሳለች

ሽሮ ሜዳ ደሳለች የሚባሉ ብዙ ሴቶች አሉ። የኛዋን ለመለየት «የተፈወሰችው ደሳለች» እንላት ነበር። ከሱቄ ጋር ግድግዳ ተጋርታ ጋቢና ነጠላ ትሸጣለች፤ እሁድ እሁድም አንድ ቸርች ነን። ደንበኛ ስትጠራ ድምፅዋ ቁስቋም ድረስ ይሰማል፤ ስትጸልይም እንደዚያው። በዚህ ስቀልድባት «የጌታ ጆሮ አይደክምም፤ የደከመው ያንቺ ነው» ትለኛለች። በአፍ የሚረታት ሰው አልነበረም።

ስሙ የወጣላት በአንድ የጾምና ጸሎት ቀን ነው። እንግዳ አገልጋይ መጥቶ «ስኳር በሽታ ያለባት እህት እዚህ አለች፤ ጌታ ነክቷታል» ሲል የደሳለችን ሰውነት ሙቀት ወረረው። መድረክ ላይ ወጥታ ማይኩን ያዘችና «ተፈውሻለሁ» አለች። ያን ጊዜ አልዋሸችም፤ አምና ነበር። በዚህ እስከ ዛሬ እከራከርላታለሁ። ኢንሱሊኑንም እርግፍ አድርጋ ተወችው። ብዙም ሳይቆይ ሱቋ ውስጥ የጋቢ ክምር ላይ ወደቀች። እኛ ድካም ነው ብለን ውሃ ረጨንባት። ብቻዋን ሐኪም ቤት ሄዳ መርፌውን እንደገና ጀመረች። መድኃኒቱን ፍሪጅ ውስጥ በቅቤ ዕቃ ደብቃ ታስቀምጥ ነበር። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ኋላ ነው።

መናገርማ ፈልጋ ነበር። ግን በኛ ቸርች ለመመስከር ወረፋ አለ፤ የመሰከሩትን መልሶ ለመውሰድ ፕሮግራም የለም። ይባስ ብሎ በየኅብረቱ «እህት ደሳለች፣ ምስክርነትሽን አካፍዪን» ይሏታል። ወሬው በተደገመ ቁጥር እየጣፈጠ ሄደ። አንድ ቀን እንዲያውም ስሜት ወስዷት «ከፈውስ በኋላ መመርመር መጠራጠር ነው» አለች። አሜን አልን። በማግስቱ ጠዋት በሯን ዘግታ ሆዷን ወጋች። መዳኗን እያወራች፣ በፈዋሹም ከልቧ እያመነች፣ እጇ ግን መርፌውን አልተወም። ሦስቱን የምታስታርቅበት መንገድ ጠፋት።

ሃዊ በደሳለች ሱቅ ልብስ የምትሰፋ፣ ከቁስቋም በላይ ከእናቷ ከሾዴ ጋር የምትኖር የቸርቻችን ልጅ ናት። እሷም ከልጅነቷ ጀምሮ ስኳር አለባት። አንድ ጠዋት እየሳቀች ገባች።

«እትዬ ደሳለች፣ መርፌውን ጣልኩት። እንደርስዎ፣ በእምነት።»

ደሳለች የምታጥፈውን ነጠላ አስቀመጠች። «እ... ማለቴ፣ ሐኪሙን ሳታማክሪ?»

«እርስዎ አማክረው ነበር?»

መናገር የነበረባት እዚህ ላይ ነው። ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። እሷ ግን «ጌታ ይርዳሽ» አለች። ይህን ስጽፍ እንኳ ንዴቴ ይመጣል። ያ ሁሉ አፍ የት ሄደ?

በማግስቱ ሃዊ በላይ በላዩ ውሃ ስትጠጣ ደሳለች አየቻት። ምልክቱን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። «በቃ ተመርመሪ፣ ለኔ ስትዪ» ብትላት፣ «መመርመር መጠራጠር ነው ያሉን እርስዎ አይደሉ?» አለቻት። ፈገግ ብላ፣ በፍቅር ነው ያለችው።

ከዚያ ሃዊ ከሥራ ቀረች። ደሳለች ሱቋን እንኳ ሳትዘጋ ዳገቱን ወጣች። ልጅቷ ስታስመልስ ቆይታ ተዝለፍልፋለች፤ አየር እንዳጠራት ሰው በረጅሙ ትተነፍሳለች። ሾዴ አጠገቧ ተንበርክካለች።

«እንኳን መጣሽ» አለች ሾዴ። «ጸልዪላት። አንቺን የሰማ እሷንም ይሰማል።»

«ተነሽ፣ ሐኪም ቤት እንውሰዳት።»

«እንዳትወስዱኝ ብላኛለች። አንቺ የዳንሽው ሐኪም ቤት ሄደሽ ነው?»

ደሳለች ቦርሳዋን ከፍታ መርፌዋን አወጣች። ልብሷን ገልባ የተወጋጋ ሆዷን አሳየቻት።

«አልዳንኩም፣ ሾዴ። ዛሬ ጠዋትም ወግቻለሁ።»

ሾዴ አየችው።  ልጇን አዝላ ወጣች።

እኛ የቸርቹ ሰዎች ወሬውን ሰምተን ሆስፒታል ስንደርስ ሃዊን አስገብተዋት በሩ ተዘግቷል። ራሷን አታውቅም አሉን። ኮሪደሩ ላይ ክብ ሠርተን ቆምን። አንዱ ወንድም «እህት ደሳለች፣ አንቺ ምሪን» አላት። የተፈወሰችው እያለች ሌላ ማን ይምራን? ዓይናችንን ጨፈንን።

«ጌታ ሆይ» አለች። ያ ድምፅዋ ለመስማት እንኳ ያስቸግር ነበር። «እኔ አልተፈወስኩም። ሳልድን ድኛለሁ እያልኩ ኖሬአለሁ።»

«አሜን» አልን ሁላችንም፣ እንደ ልማዳችን። እኔም ብያለሁ። ምን እንዳለች የገባኝ ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ዓይኔን ስገልጥ ደሳለች ፊቷን በእጆቿ ሸፍና ታለቅሳለች።

ሾዴ ብቻ አሜን አላለችም። ግድግዳው ሥር ተቀምጣ የልጇን ጫማ ጭኗ ላይ ይዛለች። ቀና ብላ ደሳለችን አየቻትና በጣቷ የተዘጋውን በር አሳየቻት።

«ለኛ ምን ይረባናል?» አለች። «እሱን ለሷ ንገሪያት።»