ሁለት ሹራብ የደረቡት ሰው

ወልቂጤ ፖሊሶች ከቤቴ በር ላይ ሲወስዱኝ ሚስቴ ጃኬቴን ይዛ ተከተለችኝ። «ተዪው፣ አሁን እመለሳለሁ» አልኳት። ኤዲያ! ፊርማ አሰባስበሃል የተባለ መምህር አሁን ይመለሳል? ወልቂጤ ሙቀት ነው፤ የለበስኩት እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ነበር። እነሱ ግን ሽቅብ ወደ ደጋው ይዘውኝ ወጡ።

የታሰርንባት ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበረች። ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል። ዘጠኝ ሆነን ተደረደርን። ከጎኔ የደረሱኝ አንድ የእንሰት ገበሬ ናቸው፤ ሁላችንም አባባ እንላቸዋለን። ሁለት ሱሪ፣ ሁለት ሹራብ፣ ከላይ ጋቢ ደርበው የሁለት ሰው ቦታ ይዘዋል። ከቤት ቆጮ ሲመጣላቸው ግማሹን በልተው ግማሹን በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ራስጌያቸው ያኖራሉ። በዚያ ላይ ምክር! እንሰት የሚተክል ሰው ዓመታት አሻግሮ ያያል፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ ምን የማይሉት አለ። ጥርሴ በብርድ እየተንገጫገጨ ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አላስቻለኝም። እንዲህ ደራርበው የመጡት እንደሚያዙ ቀድመው አውቀው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አዎ፣ ከሁለት ቀን በፊት ሰምቼ ነበር አሉኝ።

«ታዲያ ምን አስቀመጥዎት? ለምን አልሸሹም?»

ቆጮውን መጠቅለላቸውን አላቆሙም። «እኔን ሲያጡ ልጄን ይወስዳሉ፣ መምህር። ሚስቱ ወሯ ገብቷል።»

አፈርኩ። እሳቸው ጋቢያቸውን አወረዱ፤ የላይኛውን ሹራብ አውልቀው፣ እጅጌውን አጣጥፈው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። ሳይደርብ የሚመጣ አይጠፋም ብለው ነበር ከቤታቸው ሁለት የለበሱት።

በሳምንቱ ከቆጮው ጋር ወሬ መጣ። ሴት ልጅ ተወልዳለች፤ አባትየውም እቤቱ ነው። ያን ቀን የጠቀለሉትን ሁሉ ፈተው ለዘጠኛችንም አደሉን።

ስፈታ ሹራቡን ልመልስላቸው ብል እምቢ አሉ። በዋዜማው በከነቴራ የገባውን የሚኒባስ ሹፌር በአገጫቸው አሳዩኝ። እንደሳቸው አጣጥፌ ሰጠሁት።

ዛሬ ከቤቴ በር ጀርባ አንድ ቦርሳ ተሰቅሏል፤ ካልሲ፣ ሳሙና፣ ሹራብ ሁለት። ሚስቴ ባየችው ቁጥር ትበሳጫለች። እኔስ መቼ ደስ ብሎኝ! አርቆ ማሰብ እኮ ችግኝ መትከል፣ ልጅ ማስተማር፣ ለክረምት ጣራ መጠገን ነበር። እኛ ለመታሰር እንዘጋጃለን። ባለፈው ሳምንት ምርር ብሎኝ ቦርሳውን ልበትነው አወረድኩት። ሁለቱን ሹራቦች አየሁ። አንዱ የኔ አይደለም፣ ሳይደርብ ለሚመጣው ነው፤ ቦርሳውን መልሼ ሰቀልኩት።