ያጠፋሁት ቁጥር

እኛ ቤት ዲቪ የምሞላው እኔ ነኝ። ከአሥራ ሦስት ዓመቴ ጀምሮ ነው የተሾምኩት፤ ሹመቱ የመጣውም ኪቦርድ ሳላይ ስለምጽፍ ብቻ ነው። በየኦክቶበሩ የዘመዱ ሁሉ ፎቶና ፓስፖርት በስልኬ ይጎርፋል። እኔ አትላንታ አጠገብ ሎረንስቪል ባለው ቤታችን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብዬ እሞላለሁ፣ እናቴ ከጀርባዬ ቆማ "የአባቷን ስም በደንብ እዪው" ትላለች። ሞልቼ ስጨርስ የማረጋገጫ ቁጥር ይወጣል። ዕጣው ለማን እንደደረሰ ማንም ደውሎ አይነግርም፤ ሜይ ላይ ራስ ድረ ገጹ ውስጥ ገብቶ፣ ያንን ቁጥር ጽፎ ማየት ነው። ስለዚህ እናቴ ቁጥሩን የቤተ ክርስቲያን ካሌንደር ጀርባ ላይ ትጽፈዋለች፣ የቤተሰቡ ግሩፕ ላይም ትለጥፈዋለች፣ ከሥሩ አርባ ሰው "አሜን" ይላል።

ከሁሉም አጥብቃ የምትጠብቀው የእናቴ ታናሽ እህት ናት። እናቴ በዲቪ አሜሪካ ስትመጣ አክስቴ አያቴን ልታስታምም ናዝሬት ቀረች። አያቴ ካረፉ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ብቻዋን ናት። ባልም ልጅም የላትም፤ ያለቻት እህቷ ናት። እናቴ ደግሞ ፎቅ ላይ ያለችውን ትንሿን ክፍል "የእህቴ ክፍል" ነው የምትላት። እንግዳ ቢመጣ እንኳ ሳሎን ይተኛል እንጂ እዚያ አይገባም።

ኮሌጅ ስገባ አትላንታ መሀል ከተማ አንድ የተማሪዎች አፓርታማ ውስጥ ከሦስት ልጆች ጋር መኖር ጀመርኩ። አራት መኝታ ክፍል፣ አንድ ኪችን፣ ለሕንፃው በሙሉ አንድ ዋይፋይ። ከሦስቱ አንዷ እዚያው አትላንታ ዳር ዱሉዝ ያደገች የኮምፒውተር ተማሪ ናት። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሶፋው ላይ ተቀምጣ "ነይ አንድ ነገር ላሳይሽ" አለችኝና ላፕቶፗን አዞረችልኝ። ዋይፋዩ ላይ ያለው የሰው ኮምፒውተር ሁሉ ስሙ ተደርድሯል። አንዱን ነካችው። የኔ ነበር። ሎረንስቪል ሳለሁ አባዬ ከሌላ ክፍል ሆኖ ፕሪንት እንዲያደርግ ብዬ "ቤተሰብ" የሚል ፎልደር ለሁሉም ክፍት አድርጌ ነበር፤ እዚህ ስመጣ መዝጋት ትዝም አላለኝ። አክስቴ ነጭ አንሶላ ፊት ቆማ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ የማታውቃት ልጅ ስክሪን ላይ ብቅ አለች።

"ይቺ ሴትዮ ማን ናት?" አለች ልጅቷ እየሳቀች። "እዚህ ሕንፃ ያለ ሰው ሁሉ ሊያያት ይችላል እኮ።"

አፈርኩ። የአክስቴ ፓስፖርት፣ የልደት ቀኗ፣ የአያቶቼ ስም፣ ሁሉም ለሕንፃው የተሰጣ ልብስ ሆኖ ነው የከረመው።

ከዚያ በኋላ አበድኩ ማለት ይቀላል። ካሜራዬ ላይ ፕላስተር ለጠፍኩ። ማንነቴን ከኔትወርኩ የሚደብቅልኝ ቪፒኤን ሳልከፍት የአየር ሁኔታ እንኳ ማየት ተውኩ። ፋይሌ ማንም ኩባንያ ጋ እንዳይቀመጥ ባክአፑን ዘጋሁ። ለማንኛውም ነገር የምጠቀመው ትንሽ ቆይቶ ራሱን የሚያጠፋ ጊዜያዊ ኢሜይል ሆነ። ልጆቹ "ሰላይዋ መጣች" ይሉኛል፤ እኔ ደግሞ እንደ ሙገሳ እወስደዋለሁ።

በዚያው ኦክቶበር የአክስቴን ዲቪ ከመኝታ ክፍሌ ሞላሁ፣ በጊዜያዊ ኢሜይል። ማረጋገጫውን ላፕቶፔ ላይ ሴቭ አድርጌ ለእናቴና ለአክስቴ ላክሁላቸው። እናቴ ደቂቃ ሳትቆይ ግሩፑ ላይ ለጠፈችው። ወዲያው ደወልኩላት።

"ማሚ፣ ሲሪየስሊ? አርባ ሰው ያለበት ግሩፕ ላይ? አሁኑኑ ዲሊት አድርጊው!"

"ዘመድ ነው እኮ ያለው። እንዲጸልዩላት ብዬ ነው።"

"ቁጥሩን ሳያዩም መጸለይ ይችላሉ። የጻፍሽበትንም ካሌንደር ቅደጂው፣ ኦኬ?"

ቀደደችው፣ ከስልኳም አጠፋችው፤ እኔም የላክሁትን መልእክት ከስልኬ አጠፋሁ። ለአክስቴም ደውዬ ከስልኳ እንድታጠፋው፣ እኔ ጋ ከማንም በላይ ተጠብቆ እንደሚቀመጥ ነገርኳት። "አንቺ ካልሽ" አለችና አጠፋችው። የምላቸውን የሚሰሙ ትልልቅ ሰዎች ስለነበሩኝ ኮራሁ፤ ይሄን መደበቅ አልፈልግም።

ማርች ላይ ከአፓርታማው ቢሮ ኢሜይል መጣ። አንድ ሰው የነዋሪዎች አካውንት ውስጥ ሰብሮ ስለገባ ፓስወርዳችሁን ቀይሩ ይላል። ሌሎቹ ፓስወርድ ቀየሩና ወደ ኑሯቸው ተመለሱ። እኔ ግን ልብስ ማጠቢያው ክፍል ድራየሩን እየጠበቅኩ፣ የትምህርት ወረቀቶቼን በፍላሽ አወጣሁና ላፕቶፔ ላይ የቀረውን ሁሉ ሙልጭ አድርጌ አጠፋሁ። ቁጥሩ ትዝ አላለኝም። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ትዝ አላለኝም።

ውጤቱ የሚለቀቅ ቀን ሎረንስቪል ነበርኩ። እናቴ ከሥራ አስፈቅዳ መጥታ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ አክስቴ ከናዝሬት በቪዲዮ ገብታ ስልኩ ስኳር ዕቃው ላይ ተደግፏል። ቁጥሩን ልጽፍ ላፕቶፑን ስከፍት ነው የገባኝ። ማረጋገጫው ከሌላው ፋይል ጋር ጠፍቷል። ቁጥር ለጠፋበት ሰው የተዘጋጀ ገጽ አለ፤ ስም፣ የልደት ቀን፣ ሲሞላ የተጻፈውን ኢሜይል ይጠይቃል። ያ ኢሜይል ኮምፒውተር የፈጠረው የፊደል ዝብርቅርቅ ነበር። ከጠፋም ወራት አልፈውታል።

"እሺ?" አለች እናቴ።

"አልወጣላትም" አልኩ።

ቁጥሩን አጥፍቼዋለሁ ማለት እችል ነበር። ፈራሁ። ካሌንደሩን ያስቀደድኳት እናቴ እኮ ናት እጄን ይዛ የተቀመጠችው።

ቀድማ ያጽናናችኝ አክስቴ ናት። "አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አንቺ ምን አደረግሽ?" አለችኝ። እናቴ "የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው" ብላ ተነሳችና ወደ ፎቅ ወጣች፤ የትንሿ ክፍል በር ሲዘጋ ሰማሁት። እግዚአብሔር እዚህ ነገር ውስጥ እንደሌለበት የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሰመሩን ሙሉ ምሳ እየበላሁ፣ አውቶቡስ እየጠበቅኩ፣ የመጣልኝን ፊደል እየገጣጠምኩ ኢሜይሉን ሞከርኩ። ደርሷት ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። አብዛኛው ሰው አይደርሰውም። ይሄን ስል ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም። ደርሷት ከነበረም ወረቀቷን ማስገባት እንዳለባት የነገራት የለም፤ ተራዋ ዝም ብሎ ያልፋል። ገጹ እስካሁን አልተዘጋም፣ የምሞክረው ፊደል ነው ያለቀብኝ።

ኦክቶበር ሲገባ አክስቴ አዲስ ፎቶ ላከች። ከግንባሯ በላይ ሸብታለች። ከፎቶው ጋር የድምፅ መልእክት ነበር።

"ዘንድሮም አንቺው ሙዪልኝ፣ እሺ የኔ እናት? ቁጥሩ ደግሞ አንቺ ጋ ብቻ ይቀመጥ። እኔ ጋ ይጠፋብኛል።"

"እሺ" አልኳት።