ቅጡኝ ብዬ የተሟገትኩበት ሳር

ሌላው ሰው እንዲማሩት ዳኛ እግር ላይ ይወድቃል፤ እኔ እንዲቀጡኝ ተሟግቼ ላቤ ጠብ ብሏል። ሞኝነት ነው ካላችሁኝ አልከራከርም። በሞኝነት ጎንደር ላይ የሚቀድመኝ ሰው ካለ አሳዩኝና ቦታዬን እለቃለሁ።

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ የምኖረው ከተማ፣ ልጄ ቤት ነው። አገሬ ግን በወገራ በኩል፣ ደጋው ላይ ነው። እዚያ የወል ሳር አለን። የማንም የግል አይደለም፤ የሁላችንም ነው። ክረምት ሲገባ ለከብት ይዘጋል፤ ከመስቀል በኋላ ይከፈትና ለየቤቱ ይደለደላል። ድርሻ የሚያገኘው በዝናቡ ወራት ተራውን የጠበቀ ቤት ነው። የእኔን ተራ የእህቴ ልጅ ይጠብቅልኝ ነበር። ባለፈው ክረምት ግን ደወለልኝ።

“አያ፣ የሳሩ ጉባኤ ‘ከተማ የገባ ሰው ራሱ መጥቶ ካልጠበቀ ድርሻው ለሌላ ይሰጥ’ ብሏል።”

ልጄ ሰምታ ሳቀች። “አባባ፣ ሳሩን ምን ታደርገዋለህ? እዚያ ከተውካት በቅሎ በቀር አንድ ዶሮ እንኳ የለህም!”

እውነቷን ነው። ሳሩን ለእህቴ ልጅ ከብቶች ነበር የምተወው። ነገር ግን አባቴና አያቴ በዶፍ የጠበቁት ሳር ሲደለደል የቤታችን ስም ሳይጠራ ሊታለፍ ነው፤ ያውም በእኔ ዘመን። “እሄዳለሁ” አልኳት።

“ወገብህስ?”

“ወገቤም አብሮኝ ይሄዳል።”

ሚኒባሱ ወለቃን ሲያልፍ ከጎኔ የተቀመጠው ገበሬ “ለለቅሶ ነው አያ?” አለኝ። “ለጥበቃ ነው” ስለው ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና መንገዱን ማየት መረጠ። አስፋልቱ ዳር የእህቴ ልጅ በቅሎዬን ጭኖ ጠበቀኝ።

በማግስቱ ማለዳ በቅሎዋን ከድንጋዩ ካብ ውጭ አስሬ፣ ዱላዬን ይዤ፣ ከጠባቂው ጎጆ ገባሁ። ጉም ወረደ። ዓይኔን ትንሽ ላሳርፋት ብዬ ከደንኳት። የነቃሁት በጩኸት ነው።

“አያ ከተሜ! ሳሩን የሚጠብቁት አንቱ ነዎት ወይስ በቅሎዋ?”

ከበላይ ማሳ ያላት ጎረቤታችን ናት። ባሏ ሞቶባታል፤ ከብቷ ብዙ ነው፤ የእኔን ድርሻ የጠየቀችውም እሷው ነበረች። አልፈርድባትም። ብወጣ በቅሎዬ ካቡን ንዳ፣ ከሳሩ መሀል ቆማ፣ እንደ ሙሽራ ተረጋግታ ትግጣለች። ገመዱን ለካ እንደ ጫማ ክር ነበር የቋጠርኩት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጉባኤው ተሰበሰበ። የሳሩ ዳኛ አብሮ አደጌ ነው። ፂሙን እያሻሸ፣ “ወንድሜ፣ ከተማ ኖረሃል፤ እንግዳችን ነህ። የእንግዳ ከብት ብትገባ ባለቤቷ አይቀጣም፤ ደንባችን ነው። ምረንሃል” አለ።

“ሸጋ ፍርድ!” አሉ ሰዎቹ። እኔም ጎንበስ ብዬ እጅ ልነሳ ስል ነገሩ ገባኝ። እንግዳ ይማራል፤ እንግዳ ግን ከሳሩ ድርሻ የለውም።

ቀና አልኩ። “ምሕረቱን አልቀበልም። ቅጡኝ!”

 ነገሩ ቀድሞ የገባት ጎረቤታችን ነበረች። “ምነው፣ ምነው! እኒህን ሽማግሌ ቀጥታችሁ ልትገድሏቸው ነው? ወገባቸውን አታዩም? ይማሩ እንጂ!”

“ትናንት እንቅልፋም ስትለኝ የነበረች ሴት ዛሬ አልቃሽ ሆነችልኝ” አልኩ። ወደ ዳኛው ዞርኩ። “የሚማረው ደንቡን የማያውቅ መንገደኛ ነው። እኔ ደንቡን አላውቅም? ይህን ካብ ስንክብ ከጎንህ አልነበርኩም?”

“ነበርክ። ድንጋዩን እያነሳህ እግሬ ላይ ትጥልብኝ ነበር።”

ሰው ሁሉ ሳቀ። “እንግዲያው የቆየሁ ጥፋተኛ ነኛ!” አልኩ። “እንግዳ ነው ያላችሁት ሰው እናንተው ጋ ጥርሱን አውጥቶ፣ እናንተው ጋ አርጅቷል። እንደ ማንኛችሁም ቅጡኝና እንደ ማንኛችሁም አካፍሉኝ። ከዚህ ደጅ ሳልቀጣ አልሄድም” ብዬ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። መቀመጡስ ቀላል ነበር፤ መነሳቱን ያሰብኩት በኋላ ነው።

ዳኛው ከሽማግሎቹ ጋር ተንሾካሾከ። “ይቀጣ። የተናደውን ካብ በገዛ እጁ ይካብ፤ ለጉባኤው ጠላ ያውጣ። መስቀል ሲያልፍ ድርሻው ይሰጠው።”

“እሺ” አለች ጎረቤታችን፣ ነጠላዋን እያጣፋች። “ካቡ ግን ከማሳዬ ሥር ነው። እኔ ሳላየው ‘ተካበ’ እንዳይባል።”

በማግስቱ ስክብ ዋልኩ። የእህቴ ልጅ ላግዝህ ብሎ ቢመጣ በዱላ አባረርኩት፤ ቅጣቴን ሊሻማኝ! አመሻሹ ላይ ጎረቤታችን ወረደች። ካቡን ዞራ አየችው፤ በእግሯ ነካ ብታደርገው ላይኛው ድርድር ተንኮታኮተ።

“ይሄ ካብ አይደለም። ያፍርሱትና ከሥሩ ይጀምሩ።”

“ምነው ልጄ፣ ትናንት ‘ወገባቸውን አታዩም’ ስትይ አልነበር?”

“ትናንት እንግዳ ነበሩዋ!”

ወገቤን ይዤ ጎንበስ አልኩና ድንጋዩን አንድ በአንድ ማውረድ ጀመርኩ።