ቀን ቀን የሚተኛው የቆቦ ደወል

ከደሴ የተነሣሁት በግንቦት አጋማሽ፣ ረቡዕ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሥራዬ ኤሌክትሪክ። ቆቦ ውስጥ አንድ የመንግሥት መጋዘን በጠራራ ፀሐይ ተሰብሮ ሁለት ሣጥን የከብት መድኃኒት ተወስዷል። ሌባ ሲገባ እንዲጮኽ የተተከለው የማስጠንቀቂያ ደወል ግን ትንፍሽ አላለም። ደወሉን ከሁለት ዓመት በፊት የተከልኩት ደግሞ እኔው ነኝ። አለቃዬ አዲስ የመቆጣጠሪያ ሣጥን አሸክሞኝ፣ "አሮጌውን ቀይር፤ ለምን እንዳልጮኸም መርምረህ ጻፍ" አለኝ። እውነቱን ልናገርና እኔ መልሱን ከደሴ ይዤው ነበር የተነሣሁት። እኔ የተከልኩት ዕቃ አይበላሽም፤ ያጠፋው ዘበኛው ነው ብዬ ደምድሜያለሁ።

ከደሴ እስከ ወልድያ

አውቶቡሱ ስድስት ብር አስከፈለኝ። ሣጥኑን ጣራ ላይ አላስጭንም ብዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። አጠገቤ ወደ ሮቢት የምትሄድ፣ ሁለት ዶሮ በዘንቢል የያዘች ሴት ተቀምጣለች። መርሳ ላይ ፓፓዬ ገዝታ ግማሹን ሰጠችኝና እጄ እስኪያጣብቅ በላሁ። ወልድያ መግቢያ ኬላ ላይ ሁላችንም ለፍተሻ ወረድን፤ ወታደሩ የሣጥኑን ሽቦዎች ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የደወል መቆጣጠሪያ ነው ጓድ። ሌባ ሲገባ ያስጮኻል።"

"የሬዲዮ መገናኛ አለመሆኑን በምን አውቃለሁ?"

"ይሄ መጮኽ እንጂ መስማት አይችልም" አልኩት።

ባለ ዶሮዋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "እንደ ቀበሌያችን ሊቀመንበር ነዋ!" አለችኝ። ሳቄን ለማፈን ሳል ሳልኩ። ወታደሩ የይለፍ ወረቀቴን ሁለት ጊዜ አንብቦ አሳለፈን።

ወልድያ በአንድ ብር ከሃምሳ ጥብስ በልቼ ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ ተቀበለን። ጎብዬ ስንደርስ ሹራቤን አወለቅሁ፤ ሮቢት ላይ ባለ ዶሮዋን ተሰናብቼ የሸሚዜን ቁልፍ ፈታሁ። ከዚያ በኋላ የራያ ሜዳ ተዘረጋ፤ የታረሰው የማሽላ መሬት ዝናብ ይጠብቃል፣ የዞብል ተራራ በአቧራው ውስጥ ደብዝዞ ይታያል፣ አፋሮች ግመሎቻቸውን በአስፋልቱ ዳር ይነዳሉ። ቆቦ የገባሁት አሥር ሰዓት ላይ ነው። የሆቴሉ ባለቤት በዚህ ወበቅ ክፍል ውስጥ የሚተኛ አገሩን የማያውቅ ሰው ብቻ ነው ብላ አልጋዬን ግቢው ውስጥ ዘረጋችልኝ፤ ደህና እንቅልፍ ተኛሁ።

ሐሙስ ጠዋት

የመጋዘኑ ኃላፊ ጠይም፣ ፈጣን ሰው ነው። ገና ከመቀመጤ፣ "ነገ ጠዋት ኮሚቴው ይሰበሰባል። መሣሪያው ደህና ከነበረ ዘበኛውን ለፖሊስ እንሰጣለን። የሚጠበቀው ያንተ ወረቀት ነው" አለኝ።

ዘበኛው ጋሽ ሰይድ ይባላሉ፤ ሃምሳውን ያለፉ፣ ቀጭን የዋጃ ሰው ናቸው። ደወሉን የሚያበራውና የሚያጠፋው ቁልፍ በክር ተንጠልጥሎ ከአንገታቸው አይወርድም። ይኸው ቁልፍ ነበር ያስጠረጠራቸው።

አሮጌውን ሣጥን ፈትቼ ጠረጴዛ ላይ ከባትሪ ጋር አገናኘሁት። እንከን አልነበረበትም። አዲሱን በቦታው ገጥሜ አራት ሰዓት ላይ መሞከሪያውን ስጫን ሁለቱም ደወሎች፣ የፊቱም የጓሮውም፣ ሰፈሩን በጩኸት ሞሉት። ደስ አለኝ። ብዕሬን አውጥቼ "በመሣሪያው ላይ ምንም ጉድለት አልተገኘም" ብዬ ጻፍኩ። ሰባት ሰዓት ላይ ወደ ወልድያ የሚሄድ መኪና ስለነበር ዕቃዬን መሰብሰብ ጀመርኩ።

ጋሽ ሰይድ በሩ ላይ ቆመው ነበር። "ጨረስህ ወንድሜ?"

"ጨረስኩ። እንደሰሙት ደህና ነው።"

"ጠዋትማ መች አልጮኽ ብሎ! ቀን ነው የሚተኛ። ኸስምንት ሰዓት በኋላ ሞክረው።"

"ደወል እንዴት ይተኛል ጋሽ ሰይድ?"

"እኔ ምኑን አውቄ? በየቀኑ እሞክረዋለሁ። ጠዋት ይጮኻል፣ ሙቀቱ ሲበረታ ዝም ይላል። ለአለቆቹ ስነግር ሳቁብኝ። ሥራውን ይውሰዱት፣ አላህ ሌላ አያሳጣኝም። ውሸታም ሲሉኝ ነው የተቃጠልኩ። ልጆቼ በዚህ ስም ይጠሩ?"

እውነት ለመናገር አላመንኳቸውም። ግን እንዲያ ያለውን ሰው ጥዬ መኪና ላይ መውጣት አሳፈረኝ። መኪናው ሄደ።

ስምንት ሰዓት

ቆቦ በዚያ ሰዓት ሰው ሁሉ ጥላ ውስጥ ነው፤ መንገዱ ላይ ውሻ እንኳን አይታይም። ሌባውም የገባው በዚሁ ጊዜ ነበር። መሞከሪያውን ተጫንኩ። ዝም። ደግሜ ተጫንኩ፤ ዝም። ጋሽ ሰይድ መሰላል ሊያመጡ ሄዱ።

የፊቱን ደወል ሽቦ ነቅዬ በቀጥታ ከባትሪ ጋር ሳገናኘው ጮኸ። የጓሮውም እንደዚያው። ሣጥኑ አዲስ ነው፣ ደወሎቹ ደህና ናቸው፤ የቀረው መሀል ያለው መስመር ብቻ ነው። ወደ ሁለቱም የሚሄደው አንድ ሽቦ ከጣራው ቆርቆሮ ሥር ያልፋል። መሰላሉን ወጥቼ ቆርቆሮውን ስይዝ መዳፌ ተለበለበ። ሽቦውን በጣቴ እየዳበስኩ ሄጄ ከአንድ መጋጠሚያ ደረስኩ። የጠቀለልኩበት ናስትሮ ሙጫው ቀልጦ ተንጠልጥሏል፤ ውስጡ ያሉት የሽቦ ጫፎች ሳይበየዱ እንዲሁ የተጠማዘዙ ናቸው። ቆርቆሮው ሲግል ይለጠጥና ሽቦውን ይስባል፤ ጫፎቹ ይላቀቃሉ። ሲበርድ ተመልሰው ይገናኛሉ።

ያን ቀን ትዝ አለኝ። ወሩ ጥር ነበር፤ ቆቦ እንደ ደሴ ባይሆንም ቀዝቀዝ ብሏል፤ አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ብዬ ብየዳውን ትቼ በናስትሮ ጠቀለልኩት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤ እኔ ያፈሰስኩትን ግን ሲለቅሙ የከረሙት ጋሽ ሰይድ ናቸው። አፈርኩ። ከመሰላሉ ላይ ሌላ ሰበብ መፈለግ አያቅተኝም ነበር።

"ምን አገኘህ?" አሉ ከታች።

"የራሴን ሥራ" አልኩ።

የመበየጃውን ብረት ጎረቤት ካለው ሻይ ቤት ከሰል ላይ አግዬ መጋጠሚያውን በየድኩት፤ ከቆርቆሮውም አርቄ ግድግዳው ላይ አሰርኩት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ቆርቆሮው ገና እንደጋለ፣ መሞከሪያውን ጋሽ ሰይድ ራሳቸው እንዲጫኑት ለመንኳቸው። ሁለቱ ደወሎች ሲጮኹ ከየጥላው ዱላ የያዘ ወንድ ሁሉ እየሮጠ መጣ። ሌባ እንደሌለ ሲነገራቸው ግማሹ ተቆጣ፣ ግማሹ ሳቀ።

ዓርብ ጠዋት

የጻፍኩትን ቀድጄ ሌላ ጻፍኩና ኮሚቴው ፊት አነበብኩት፤ ደወሉ ያልጮኸው በእኔ ጥፋት ነው የሚል። ኃላፊው ጋሽ ሰይድን ነፃ ነዎት አላቸው። እሳቸው ግን አልተቀመጡም።

"ቀን ይተኛል ብዬ ነግሬ አልነበር?"

"ነግረውናል" አለ ኃላፊው አንገቱን ደፍቶ።

"እንግዲያስ 'ነግሮናል' የሚለው ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍልኝ።"

ተጻፈ። ፊደል አይቆጥሩም፤ ጸሐፊው ሁለት ጊዜ አነበበላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ይህን ሥራ ስትሠራ ስንት ዓመትህ?"

"ዘጠኝ።"

"በዘጠኝ ዓመት አንድ ቋጠሮ ብትስት ምን አለ? አብሽር!"

እኔው ታስሬ የተፈታሁ ያህል ቀለለኝ። ወደ ወልድያ በጭነት መኪና ስመለስ ሙቀቱ ራሱ ደስ ይል ነበር።

ደሴ

ቅዳሜ ሹራቤን ለብሼ ቤቴ ገባሁ። ሰኞ አለቃዬ ሪፖርቱን አንብቦ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጠኝ፤ ተገቢ ስለነበር አልተከራከርኩም። ከዚያ ጉዞ ወዲህ መሣሪያ ተበላሽቶ ወደተጠራሁበት ቦታ ስሄድ፣ ካቻቢቴ ከማንሣቴ በፊት አብሮት የሚውለውን ሰው አስቀድሜ እጠይቃለሁ። ያን ሰኞ አለቃዬ ደብዳቤውን ካስፈረመኝ በኋላ በሩን ዘግቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"አንተ ሞኝ፣ ሽቦውን አይጥ በላው ብትል ማን ያውቅብህ ነበር?"

"ጋሽ ሰይድ ያውቃሉ" አልኩት።